የንዑስ አንቀጽ አራት ክብደት

የአዲስ ሎጊያ ሙቀት ሃምሳ ሁለት ዲግሪ በገባበት ቀን የምክር ቤቱ መዛኝ ለሰባተኛ ጊዜ ዜሮ አለ። መዛኝ የሚሉት፣ አንድ ሐሳብ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የከተማዋን ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደሚቀንስ አስልቶ የሚናገር መሣሪያ ነው። ምርጫው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንዱ ፓርቲ ሰማዩን በጥላ እሸፍናለሁ፣ ሌላው ከባሕር ብርድ አስመጣለሁ ሲል መሣሪያው ለሁሉም ዜሮ ሰጠ። የአካባቢ ቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኡጋስ ተበላሽቷል ብለው ስንቅነሽ እንድታየው ላኳት።

ስንቅነሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሕግ ስታረቅቅ ዓይኗም ወገቧም የደከመ ባለሙያ ናት። መሣሪያ መፍታት አትችልም፤ የምታውቀው ሕግ ነውና የድሮ አዋጆችን አንድ በአንድ አስገባችለት። ብዙዎቹ ኢምንት መዘኑ። አንዱ ላይ ግን አንድ ነጥብ ሁለት ዲግሪ አለ። ደግማ ሞከረችው፤ ያው ነው። የሕንፃ አዋጅ ነበር። ንዑስ አንቀጽ አራት፣ አዲስ ጣሪያን ሁሉ ባለቤቱ በስድስት ወር ውስጥ ነጭ ይቀባ ይላል።

አንቀጹን ያስገቡት የቀድሞ እንደራሴ አቶ ጉተማ በሕይወት እንዳሉ ስትሰማ ቤታቸው ሄደች። ሽማግሌው የተመረጡት መንገድ አሠራለሁ ብለው እንጂ ስለ ጣሪያ አንድ ቃል ተናግረው እንዳልነበር አጫወቷት።

«ታዲያ እንዴት ጸደቀ፣ ጋሽ ጉተማ?»

«ስብሰባው ረዝሞ የሚቃወሙት ምሳ ወጥተው ነበር፣ ልጄ። የቀረነው ደክሞናል። አንዲት ነርስ በቆርቆሮ ቤት ሕፃናት በሙቀት እንደሚያልቁ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። አነበብኩላቸው። የተከራከረ የለም።»

ስንቅነሽ ጀግና አገኛለሁ ብላ ነበር የሄደችው። ስትመለስ ለአቶ ኡጋስ መሣሪያው ጤነኛ እንደሆነ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ያልተጻፈበትን ሐሳብ ግን እንደማይመዝን ነገረቻቸው። እሳቸውም በረጅሙ ተንፍሰው ኮሚቴውን ለነገ ስብሰባ ጠሩ።

በማግስቱ ሌሎቹ ዘመቻ ላይ ስለነበሩ ለምልዓተ ጉባኤ የሚበቁት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ መጡ። አንዱ ያንቀላፋል። ስንቅነሽ ኮሚቴው በያዘው የመንገድ አዋጅ ረቂቅ ላይ የጨመረችውን አነበበች፤ በየአዲሱ መንገድ ዳር ዛፍ ይተከላል፣ ማዘጋጃ ቤቱም እስኪጸድቅ ያጠጣል። አራት እጅ ተነሣ፤ ለማጽደቅ የሚያስፈልገው አምስተኛው ድምፅ ግን ጠፋ። ዳግም እንደማይመረጡ የሚያውቁት የኮሚቴው አባል ወይዘሮ መዲና መነጽራቸውን አወለቁ።

«በዚህ ማን ያስታውሰናል?» አሉ።

«ማንም» አለች ስንቅነሽ።

ወይዘሮ መዲና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እጃቸውን አነሱ።