የሦስተኛው ዲስክ ኮቴ

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...

መጀመሪያ የሰማሁት ይህንን ነው። ያኔ ገና ምንም አላየሁም ነበር።

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ወላሂ ከራሴ የጨመርኩበት የለም። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ ነሐሴ ላይ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። መካነ ሰላም፣ ከሐጂ ሰዲቅ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ።

ቀን ነው። ግን ጉሙ ወርዶ መስኮቱ ላይ ስለተለጠፈ አምፖል አብርተናል።

ፊት ለፊቴ ሰርቨሩ አለ። የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። አስረኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ልጅ ነኝ፤ ከሰው ጋር ብዙም አልጫወት፣ ኮምፒውተሩን ለብቻዬ ስነካካ ነው የለመድኩት። የሐጂ እህል መጋዘን ካሜራዎች የሚቀዱት ሁሉ እዚህ ሣጥን ውስጥ ይገባል።

አባተ የተገደለበት ቀንም።

አባተ የመጋዘኑ ዘበኛ ነበር። አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ጥይት አግኝቶት ይጎትተዋል። ከዘራውን ሁለቴ መሬት ያስነካና እግሩን ያስከትላል።

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...

ባለፈው ዓርብ ወፍጮው ለጁምዓ ሰላት ቆሞ ሁላችንም መስጊድ ነበርን። ሐጂ ሰዲቅ ክርስቲያን የሆኑ ዘበኞች የቀጠሩት ለዚህች ሰዓት ብለው ነው። ቀድሞ የተመለሰው ታላቅ ወንድሜ ሳቢር ነው። ጆንያ ተሸካሚ ነው። አባተን መጋዘኑ መሀል ወድቆ አገኘው። መጥረቢያ ትከሻውን ከፍቶታል፤ አንገቱ በግማሽ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ሳቢር ሊያነሳው ቢያቅፈው ደም በደም ሆነ።

ሁለተኛው ዘበኛ ንጉሡ ከበሩ ጮኸ። «ሳቢር ሲመታው በዓይኔ አየሁ» አለ።

ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። ወንድሜን በመጫኛ አስረው በወፍጮው ቀበቶ ገረፉት። የፊት ጥርሶቹ እዚያው ጓሮ ቀሩ።

ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል። የአባተ ወንድሞች ደሙን ሊመልሱ ከደጎሎ መጥተዋል። ሽማግሌዎች የለመኑልን እስከ ነገ ብቻ ነው። ሳቢር እስር ቤት ነው፤ እጃቸው የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።

ያለን ምስክር ይህ ሣጥን ብቻ ነው... ሣጥኑ ደግሞ አልናገርም ብሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐጂ ሰዲቅ በሕይወታቸው ምንም ነገር ለአንድ ሰው አምነው አያውቁም። «ሁለት ዘበኛ ቅጠር፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቀዋል» ነው ቃላቸው። ሰርቨሩንም እንደዚያ አሠሩኝ። ሬይድ ካርድ የሚባለው አራቱን ዲስኮች ከኋላው ደብቆ እንደ አንድ ዲስክ ያሳያል። ዜድ ኤፍ ኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ ምልክት አድርጎበት፣ ሲያነብ ያመሳክራል። ግን ዲስኮቹን በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል። «ሐጂ፣ ሁለቱ አይደራረቡም» ብያቸው ነበር።

«ምን ይጎዳል? ሁለት ይሻላል» አሉ።

ይኸው አሁን ካርዱ አራቱንም መብራት አረንጓዴ አድርጎ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ፋይል ሲስተሙ የዓርቡ ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ይህ የተጻፈው አይደለም ብሎ ይዘጋል። አንዱ ዲስክ ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ ፋይል ሲስተሙ እንዳያይ ካርዱ ከልሎታል።

አንድ መላ ነበረኝ። ውሸታሙን ነቅዬ ካወጣሁት፣ የቀሩት ሦስቱ ተጋግዘው የጎደለውን ይሞሉታል። ተሳስቼ ደህናውን ከነቀልኩ ግን፣ መልሼ ስሰካው ካርዱ ውሸቱን ይገለብጥበታል። ከዚያ በኋላ እውነቱ የትም የለም።

አንድ ዕድል ብቻ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነን። እኔ፣ ሐጂ፣ በሩ ጋ ደግሞ ጋቢውን ደርቦ ዱላውን የያዘው ንጉሡ። «ምስክር ነው፣ አብሮ ይየው» ብለው የጠሩት ሐጂ ናቸው።

«ይሄ ቆርቆሮ ከእኔ ዓይን ሊበልጥ ነው?» አለ ንጉሡ እየሳቀ። «ወንድምህን በጸሎት ብታወጣው ይቀልሃል።»

 ጆሮዬን ወደ ዲስኮቹ አስጠጋሁ።

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...

«ሐጂ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ይሰማዎታል?»

«ምኑ ልጄ?»

«ኮቴ።»

«ምንም የለም» አለ ንጉሡ።

እሱን ማን ጠየቀው?

ድምፁ ከሦስተኛው ነው። ቢስሚላህ ብዬ መያዣውን ሳብኩ... ነቀልኩት።

ካርዱ እሪ አለ። መብራቱ ቀላ። ፋይል ሲስተሙ ግን ዝም ብሎ አነበበ... አነበበ... ቪዲዮው ተከፈተ።

አባተ ወደ መጋዘኑ ገባ።

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...

 ካሜራዎቹ ድምፅ አይቀዱም። ድምፁ ከስክሪኑ አልነበረም።

ከእጄ ነው። የነቀልኩት ዲስክ፣ ምንም ኤሌክትሪክ ሳያገኝ፣ መዳፌ ላይ ከአባተ እርምጃ እኩል ይረግጣል።

ጥግ ላይ የጤፍ ጆንያ የተሸከመ ሰው ታየ። አባተ በከዘራው ጆንያውን ነካ አድርጎ አንድ ነገር አለው። ሰውየው ጆንያውን አወረደ። መጥረቢያ አነሳ።

አንዴ ትከሻው ላይ። አባተ ተንበረከከ። እጁን ለምኖ ዘረጋ። ሁለተኛው ጣቶቹን ይዞ ሄደ። ሦስተኛው አንገቱ ላይ አረፈ።

ሰውየው መጥረቢያውን በጋቢው ጠርጎ ቀና አለ።

ንጉሡ።

«ቅዳው» አሉ ሐጂ በሹክሹክታ። «ቶሎ።»

ወደ ፍላሹ መገልበጥ ጀመርኩ። በዚያው ቅጽበት ዱላ ሲያፏጭ ሰማሁ። የሐጂ ግንባር ተከፈለና ግድግዳው ሥር ወደቁ። ቀጥሎ የንጉሡ እጆች አንገቴ ላይ ነበሩ። ጭንቅላቴን ከሰርቨሩ ጠርዝ ጋር አጋጨው። አንዴ። ደገመኝ። ደም ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«አጥፋው» አለኝ ጥርሱን ነክሶ። «አጥፋውና ትኖራለህ።»

ትንፋሼ ቆመ። በትከሻው ላይ አሻግሬ የማየው ስክሪኑን ብቻ ነው። ቪዲዮው አላለቀም። ገዳዩ ወጥቷል፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሬሳው ብቻ ነው።

ከዚያ ሬሳው ተነሳ።

ቀስ ብሎ... መጀመሪያ በክርኑ፣ ከዚያ በጉልበቱ። ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ጣት በሌለው እጁ ከዘራውን ዳብሶ አቀፈው። ወደ ካሜራው መጣ... መጣ... ከሥሩ አልፎ ጠፋ።

እጄ ላይ ያለው ዲስክ ዝም አለ።

ከውጭ፣ ከበሩ ማዶ...

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...

የንጉሡ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ።

ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ። ፍላሹ ላይ መገልበጡ አልቋል፤ ስህተት የለም ይላል። ሳቢር ተረፈ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ዓይኔ ግን ከበሩ አልነቀል አለ።

ሐጂ ከወደቁበት ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቁርአን በቃላቸው እየቀሩ ነው።

ንጉሡ ጋቢውን አስተካከለ። ዱላውን አነሳ። ተረኛ ነህ ተብሎ እንደተጠራ ሰው ረጋ ብሏል።

«ጋሽ ንጉሡ» አልኩት፤ ለምን እንዳዘንኩለት እኔም አላውቅም። «አይውጡ።»

አላየኝም። በሩን ከፈተ። ጉሙ ገባ።

ወጣ።

የጫማው ኮቴ ወደ መጋዘኑ በኩል ራቀ። ከጎኑም፣ ሳይቀድመው፣ ሳይዘገይ፣ አብሮት ዙር እንደሚወጣ ዘበኛ...

ጠቅ... ጠቅ... ሽርር...