አምስተኛው መስመር

ነገሩ የጀመረው በ1965 ዓ.ም.፣ ሰኔ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ነው። እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሒሳብ፣ አሰላ መጥቼ የማስተምረውም ሒሳብ ነው፣ ስለዚህ የጥንቆላ ወሬ አታድርጉብኝ።

ያን ቀን ጭንቅ ላይ ነበርኩ። ግርማ የሚባል የእርሻ ባለሙያ «ሽማግሌ ልላክ ወይ?» ብሎ ከጻፈልኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፣ እወደዋለሁ፣ ግን አፌ እንቢ አለኝ፣ እሱ ደግሞ አቦምሳ ተዛውሮ በማግስቱ ጠዋት ሊሄድ ነው። አብራኝ የምትኖረው ነርሷ ጀሚላ፣ የአሰላ ልጅ፣ አንዲት ፈረንጅ መምህርት ትታልን የሄደችውን የቻይኖች የዕጣ መጽሐፍ አወረደች።

«አንቺ ጣይ፣ እኔ እቆጥራለሁ። መጣል ሐራም ነው፣ መቁጠር ግን አይደለም።»

ሦስት ሳንቲም ስድስት ጊዜ ይጣላል፣ በየጊዜው ከታች ወደ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፣ ድፍን ወይም መሃሉ የተቆረጠ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከወጡ ያ መስመር አይረጋም፣ ወደ ተቃራኒው ይለወጣል፣ ምስሉም ሌላ ይሆናል። የትኛው ገጽ ይብለጥ በሚለው ተከራከርን።

«አንበሳው ይብለጥ» አለች ጀሚላ።

«ከጃንሆይ?»

«ኧረ ቀስ! ጎረቤት ይሰማል። ይሁን፣ ጃንሆይ ይብለጡ።»

ጣልኩ፣ ደብተሬ ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። አምስተኛው ላይ ሦስቱም አንበሳ ወጣ፣ የተቆረጠ ግን የማይረጋ መስመር። መጽሐፉ ምስሉን «ተራራ» ይለዋል፣ ዝም ብሎ መቀመጥ። ጀሚላ በሳቅ ፍርስ አለች፣ «ጭላሎ እንኳ ካንቺ ይሻላል፣ አንዳንዴ ያጉረመርማል!» አምስተኛው መስመር ስለ አፍ ይናገራል፣ ከተለወጠ ደግሞ ምስሉ ቀስ ብላ የምትዳር ልጅ ይሆናል። እኔ ፈራሁ። ሁለተኛውን ምስል አልስልም ብዬ፣ መስመሩን እንደተቆረጠ ትቼ ደብተሩን ከደንኩ፣ ሳንቲሞቹን ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፣ በሩን ቆልፈን የተሰጣ ልብስ ከካፊያው ልናነሳ ጓሮ ወጣን።

ከውስጥ ሳንቲም ሲወድቅ ሰማን፣ ቅጭል። ትንሽ ቆይቶ ቅጭል። ደግሞ ቅጭል።

«ድመት ናት» አልኩ።

«ድመት አለን እንዴ?»

ስንገባ ሳንቲሞቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ሦስቱም አንበሳ፣ ደብተሩ ተከፍቷል፣ የአምስተኛው መስመር ክፍተት በእርሳስ ተገጥሟል። እመኑኝ፣ ያለን አንድ እርሳስ ነው፣ እሱም ጸጉሬ ውስጥ ተሰክቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ መልሱ የራሴ እንዲሆን ብዬ የተገጠመውን በላጲስ አጠፋሁት፣ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከጀሚላ ጋር አውቶቡስ ተራ ወረድኩ። የግርማ አንድ እግር ደረጃው ላይ ነበር።

«ላክ» አልኩት።

«ምን?»

«ሽማግሌ ላካ!»

ለካ ጮኬያለሁ፣ አውቶቡሱ በሙሉ እልል አለ፣ አንድ አዛውንት በመስኮት ብቅ ብለው «እኔ አለሁ አይደል ልጄ፣ ከዚህ በላይ ምን ሽማግሌ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ፣ ግርማ ሳቁን መያዝ አቅቶት ሻንጣው ከእጁ ወደቀ።

እየሳቅን ስንመለስ ከቦርሳዬ ውስጥ ቅጭል አለ። ጀሚላ ቆመች።

«ሳንቲሞቹን ይዘሻቸዋል?»

«ጠረጴዛው ላይ ናቸው።»

ቦርሳው ውስጥ ከደብተሩ በቀር ምንም አልከተትኩም። ተያየን፣ ደግሞ ሳቃችን መጣ፣ ቦርሳውን ግን ሳልከፍት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ፈጠን ፈጠን እያልን ሄድን።