ጥሩር ለባሾቹ

ይትባረክ ከጥርስ ክሊኒኩ ሲመለስ ካፖርቱን ሰቅሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ የሳሎኑን እኩሌታ ከያዘው ሰፊ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍን፣ እሱ መብራቱን አብርቶ አውራ ጣት ከማያህል፣ ከቀለጠ እርሳስ ከተሠራ ወታደር ጋር ይታገላል። ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያበጁት ጣቶቹ አመሻሹ ላይ በጥንት ዘመን ጥሩር፣ ከብረት ቀለበት የተሠራ ልብስ፣ ለብሰው ይዋጉ የነበሩትን ወታደሮች ያበጃሉ። የጥሩሩን ቀለበቶች አንድ በአንድ መቀባት ስለማይቻል መጀመሪያ ጥቁር ይቀባቸዋል፤ ከዚያ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ ብርማ ቀለም ላይ ላዩን ሲያስነካቸው ቀለበቱ ሁሉ ብቅ ይላል። ፊት ግን አይሠራላቸውም። የራስ ቁራቸው እስከ አገጫቸው የተዘጋ ነው፤ ለዓይን የተተወላቸው አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ጋሽ እንድሪስ ይመጣሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ወታደሮቹን በሁለት ጦር ከፍለው፣ ፊት ለፊት አሰልፈው፣ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ጥሩር የለበሰ በአንድ ምት አይወድቅም የሚለውን ደንብ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

"ያ ሁሉ ብረት ለጌጥ መሰለህ?" ይላሉ። "ምን እንደሚመጣበት የሚያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለብሰው።"

ሚስቱ ዘርትሁን ያን ክረምት በጠና ታማ ነበር። ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ሲመልሷት ይትባረክ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ ወታደር ሲሠራ ከረመ፤ እጁ ሥራ ከፈታ እንባው ይቀድመው ነበርና። አንድ ንጋት ላይ ትንፋሿ ቆመ። እሪ ሊል አፉን ሲከፍት ዓይኗን ገለጠች። ብዙም ሳትቆይ ተነሥታ መራመድ ጀመረች። ሰው ሁሉ ተአምር ነው አለ። እሱም ተንበርክኮ አመሰገነ።

ከዚያ ወዲህ ነው ወታደሮቹ መዞር የጀመሩት።

አንድ ቅዳሜ ለጨዋታ ሲቀመጡ ሁለቱ ጦሮች እርስ በርስ መተያየታቸውን ትተው፣ ጀርባቸውን ለይትባረክ ወንበር ሰጥተው፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞረው ቆመው አገኟቸው።

"ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ነዎት?"

"አሁን መግባቴ አይደል እንዴ ልጄ? ምኑን ነካሁት?"

ሳቁና መልሰው አሰለፏቸው። በማግስቱ ግን እንደገና ዞረው ነበር። ቤቱ ውስጥም ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ለዓመታት ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ሲከፈት የሚያወጣው ዓይነት እርጥብ ሽታ መሽተት ጀመረ፤ ጉሙ ሲከብድና የመንገዱ ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ ብረት በእንጨት ላይ በቀስታ ሲጎተት ይሰማል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ወታደሮቹን ከጠረጴዛው ወርደው የመኝታ ቤቱ ደፍ ላይ ጋሻቸውን ጎን ለጎን ገጥመው አገኛቸው። ሌላ ቀን ዘርትሁን ተኝታ ሳለች አንዱ ትራሷ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጦሩን ወደ ጉሮሮዋ ሰብቆ።

"ሊገድሉኝ ነው" አለችው ዘርትሁን፣ ከበሩ ወዲያ ቆማ። ከዳነች ወዲህ ሳሎኑን ረግጣው አታውቅም። "አቅልጣቸው፣ ይቱዬ። ከወደድከኝ አቅልጣቸው።"

እንዴት እንቢ ይበላት? አንዴ አጥቶ አግኝቷታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እርሳስ የሚያቀልጥበትን ትንሽ ምድጃ ጠረጴዛው ላይ ለኮሰና አንድ በአንድ የማቅለጫው ጭልፋ ውስጥ ጣላቸው። ጥሩራቸው ሟሟ፣ ጋሻቸው ተጣጠፈ፤ እያንዳንዱ ወደ ፈሳሹ ከመስጠሙ በፊት ከራስ ቁሩ ስንጥቅ በብርድ ማለዳ ሰው እንደሚያወጣው ያለ ቀጭን ትንፋሽ ብን ይላል። ይትባረክ እያለቀሰ ቀጠለ። ወታደሮቹ አልሸሹም። እየቀነሱ በሄዱ ቁጥር የቀሩት እየተጠጉ የሰልፋቸውን ክፍተት ይደፍኑ ነበር።

የመጨረሻውን ሲያነሳው በጣቶቹ መሀል ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሿን ጋሻ ወደ መኝታ ቤቱ በር ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ጀርባው ለይትባረክ ነው። ያኔ ይትባረክ ሁሉም፣ ሁልጊዜም፣ ጀርባቸውን የሰጡት ለእሱ እንደነበር አስተዋለ። ወታደር ጀርባውን የሚሰጠው ለሚከላከልለት ሰው ነው።

እጁን ሊመልስ ፈለገ። አልታዘዘለትም። ከኋላው ያ የጉድጓድ ሽታ መጣ፤ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዙ ጣቶች የእሱን ጣቶች ከላይ ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ ጭልፋው ዝቅ አደረጓቸው። ትንሹ ወታደር ጋሻውን እንዳነሣ ሰጠመ።

"ሁሉም አለቁ?" አለችው በሚስቱ ድምፅ፣ አጠገቡ ወንበር ስባ እየተቀመጠች።

"አለቁ" አለ፤ መዋሸት እንኳ አልቻለም።

"እንግዲህ ይህን ድምፅ መያዝ አያስፈልገኝም" አለው፣ የሴትም የወንድም ባልሆነ ሌላ ድምፅ።