ያልዞረችው ቁልፍ

አሰብ ከቀትር በኋላ ታንቀላፋለች። ወደቡ ላይ ክሬኑ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከመኪናቸው ሥር ሰሌን ዘርግተው ይጋደማሉ፤ ባሕሩም በሙቀቱ ውስጥ ተነጥፎ የተረሳ ሐር ይመስላል። በዚያ ሰዓት ወይዘሮ ዓለምዘውድ ብቻ አይተኙም። የልጅ ልጃቸውን የዓይናዲስን ትንፋሽ ያዳምጣሉ።

ዓይናዲስ ሃያ ዓመቷ ነው። የላይኛው መንጋጋዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠባብ ስለሆነ ጥርሶቿ ተደራርበው በቅለዋል። በአፍንጫዋ መተንፈስ ስለማይሆንላት አፏን ከፍታ፣ እያፏጨች ትተኛለች። አንዳንዴ ፉጨቱ ድንገት ይቋረጣል። ያኔ አያቷ ደረታቸውን ይዘው ይቀሰቅሷታል። በሕፃንነቷ «ይሻላታል» ብለው እንጥሏን አስቆርጠዋት ነበር፤ የተረፋት ትኩሳት ብቻ ነው።

ደርግ በወደቀ በአራተኛው ዓመት አዲስ አበባ ወስደው አሳከሟት። ሐኪሙ የላይኛውን መንጋጋ አጥንት በቀዶ ሕክምና ለየና ላንቃዋ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ብረት አሰረላት። ለአያቷ እንደ መርፌ የቀጠነች ቁልፍ ሰጣቸው።

«በልጅነቷ ቢያመጧት ያለ ቀዶ ሕክምና ይሰፋ ነበር፤ አሁን አጥንቱ ጠንቷል። ብሎኑን ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ያዙሩ፤ ለአሥራ አራት ቀን። መንጋጋው ቀስ እያለ ይሰፋል። ካቋረጡ አጥንቱ መልሶ ይገጥማል።»

አሰብ በገቡ በሳምንቱ፣ በፊት ለፊት ጥርሶቿ መሐል ክፍተት ታየ። ጎረቤታቸው አበዛሽ አይታ ተደነቀች።

«ፍንጭት አወጣች እኮ! እግዜር የነፈጋትን ሐኪም ሰጣት። እትዬ፣ እዚህ ላይ ያቁሙት። ከዚህ ካለፈ በር ነው የሚሆነው።»

«ቁልፏን ስነካት እንባዋ ይመጣል» አሉ ወይዘሮ ዓለምዘውድ። ምክንያት ሲፈልጉ ነበር፤ አገኙ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ቁልፏን ያስገባሉ፣ ሳያዞሩ ያወጣሉ።

«ዞረ እማማ?»

«ዞረ የኔ ልጅ።»

«ዛሬ ምንም አላመመኝም።»

«እጄ ለምዶ ነው።»

በሦስተኛው ቀን፣ ከተማው ሁሉ ባንቀላፋበት ሰዓት፣ ሰሞኑን ጋብ ብሎ የነበረው ፉጨት ተመለሰ። ቆይቶም ተቋረጠ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ቀሰቀሷትና ቁልፏን መዳፏ ላይ አስቀምጠው ያደረጉትን ነገሯት።

ዓይናዲስ ቁልፏን ጨበጠቻት።

«ለውበት ብዬ መሰለዎት አጥንቴን ያስቆረጥኩት? አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ተኝቼ ልነሣ ብዬ ነው።»

«አሳዘንሽኝ እኮ።»

«ይዘኑልኝ እማማ። እያዘኑ ያዙሩት።»

ተያይዘው ቴሌ ሄደው ለሐኪሙ ደወሉ። «አልረፈደም» አላቸው፤ «ያለፈውን ለማካካስ ግን ደርበው እንዳያዞሩ። ካቆሙበት ይቀጥሉ።»

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ጠዋትና ማታ ማዞሩን ቀጠሉ። ክፍተቱ ሰፋ። አበዛሽ «አሁንስ መርከብ ያስገባል» ስትል ዓይናዲስ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። አጥንቱ ከጠና በኋላ ጥርሶቿ በሽቦ ተሰብስበው ተስተካከሉ። ያ የተወደሰ ፍንጭትም ጠፋ።

ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሕፃን ካላችሁ ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በጊዜ። የተጀመረውን ሕክምናም እንባ አይታችሁ እኩሌታው ላይ አትተዉት። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ሕመምን አያስቀርም፤ ያራዝመዋል እንጂ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ደንግጠው ተነሡ፤ የለመዱት ፉጨት የለም። እጃቸውን ወደ ዓይናዲስ አፍንጫ አስጠጉ። ከንፈሮቿ ገጥመዋል፤ ከባሕር እንደሚመጣ ቀጭን ነፋስ፣ ለብ ያለ ትንፋሽ ጣታቸውን ነካው፤ ሄደ፤ ተመለሰ።

አጠገቧ ጋደም አሉ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ከአሰብ ጋር አብረው ተኙ።