የመምህር ሙሉብርሃን ቶርኖ

የፖሊሱ መቶ አለቃ ገርባ ወደ መምህሩ ግቢ የኋላ ክፍል ሲገባ አስከሬኑ እንደ ተንበረከከ ነበር። ዝንቦች ቀድመውታል። የጂኦግራፊ መምህሩ ሙሉብርሃን አንገቱ ላይ የነበረው ሻርፕ ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በአሮጌው ቶርኖ ተሽከርካሪ ራስ ላይ ተጠምጥሞ ፊቱን ከብረቱ ጋር አጣብቆታል። ክፍሉ የተቃጠለ ዘይትና የአይጥ ሽንት ይሸታል።

ቶርኖው የተገዛው ትናንት ነው። መምህሩ በትርፍ ጊዜው የጅቡቲን ባቡር በትንሹ አስመስሎ ሊሠራበት ለዓመታት ተመኝቶታል።

«እንዴት አገኘኸው?» ሲል ገርባ የሟቹን ሚስት ወንድም ንዋይን ጠየቀው።

«ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ፤ ግቢውን አናጋው። ሮጬ ስደርስ ሻርፑን ጎትቶታል። ማብሪያውን አጠፋሁት፤ እሱ ግን አልቋል።»

«ሌላ ሰው አልነበረም?»

«እህቴ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበረች። እኔ ብቻ ነኝ።»

የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይጎረጉራል።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ምን ያደክምዎታል? ሻጩን ከሞጆ አስመጥቼ አስሬዋለሁ። የተበላሸ ማሽን መሸጥ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ማታ በመኪናው ወደ አዲስ አበባ እሰደዋለሁ።»

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ናዝሬት ውስጥ አልታየም።

ገርባ ጎንበስ ብሎ ሻርፑን አየ። ሦስቴ ዞሯል፤ እንደ ፋሻ እኩል ተደርድሯል፤ አንድ ክር አልተበጠሰም። ከሟቹ ጉልበት አጠገብ ካቻቪቴ ወድቋል። የሞተሩ ክዳን ብሎኖች ላይ አዲስ ጭረት አለ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ወጥቶ እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ።

የሟቹ ሚስት የሺዓለም ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ይህ ክፍል ለማን ነበር የታሰበው፣ እህቴ?»

«ለንዋይ። ሊያገባ ነው። ሙሉብርሃን ማሽኑን ሲያገኝ ቃሉን አጠፈ። ‹ንዋይ ሌላ ይፈልግ› አለ። ዛሬ ቤት ከየት ይገኛል?»

ገርባ ቀበሌው እስር ቤት ሲደርስ ሻጩ ሽኩር ጥግ ይዞ ነበር።

«ማሽኑ ደህና ነበር?»

«ወላሂ እንደ አዲስ። ብረት ሸጥኩ እንጂ ሞት አልሸጥኩም፣ ጋሼ።»

«ሞተሩስ?»

ሽኩር መሬት መሬት አየ።

«ማታ የሚወስድህን መኪና ታውቀዋለህ። የምትናገረው ካለ አሁን ተናገር።»

«የምናገረው የለኝም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገርባ ንዋይን፣ የሺዓለምን፣ ሽኩርንና ሊቀመንበሩን በቶርኖው ዙሪያ ሰበሰባቸው። አስከሬኑ ተነስቶ በዋናው ቤት አንሶላ ለብሷል።

«ንዋይ፣ እስቲ እንደ ሰማኸው አስጩኸው።»

ንዋይ ማብሪያውን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

«መብራት ሄዶ ይሆናል።»

«አምፖሉ እየበራ?»

ገርባ የሞተሩን ክዳን ገለጠው። ውስጡ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ በጨርቁ መሃል የሞቱ በረሮዎች አሉ። የመዳብ ሽቦ የለም።

«መዳቡን አውጥተህ ለብቻው ሸጥከው» አለ ለሽኩር። «ቅርፊቱን ቀለም ቀባኸው። መምህሩ ሳይሞክረው እንዴት ገዛው?»

«ሱቄ መብራት ጠፍቷል ብዬው ነው» አለ ሽኩር ቀስ ብሎ።

«ዝም ያልከውም ይህ ቢወጣ አሻጥረኛ ብለው ይረሽኑኛል ብለህ ነው። መምህሩ ዛሬ ከፍቶ መታለሉን አየ፤ አፍሮ ለማንም ሳይነግር ዘጋው። ይህ ማሽን እዚህ ቤት ከገባ ወዲህ በራሱ አልዞረም። ሻርፕ አይጎትትም፤ አይጮህም። ሽኩር ባዶነቱን ያውቃል፤ ቢገድል በማሽኑ አያመካኝም። የሺዓለም ስብሰባ ላይ ነበረች። ጩኸት ሰማሁ ያለው አንተ ብቻ ነህ፣ ንዋይ። በሻርፑ አንቀኸው፣ የቶርኖውን ራስ በእጅህ እያዞርክ ጠመጠምከው። እንደ ፋሻ የተደረደረው ለዚህ ነው።»

ንዋይ እህቱን አላያትም።

«ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ተኛሁ» አለ። «ብረቱ ግን በአንድ ቀን ክፍል አገኘ።»

የሺዓለም ወደ ዋናው ቤት፣ ወደ አስከሬኑ ሄደች።

«ንዋይና ሽኩር ከእኔ ጋር ይሄዳሉ» አለ ገርባ። «የሽኩር ክስ ማጭበርበር ነው። ማታ መኪናው ላይ አይወጣም።»

ሽኩር እጁን ሊስም ጎንበስ ሲል ገርባ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሊቀመንበሩ ግድግዳውንና ጣሪያውን ሲያይ ቆየ።

«እንግዲህ ክፍሉ ለቀበሌው ተለቀቀ ማለት ነው፣ ጓድ?»

«አስከሬኑ ከግቢው እስኪወጣ ይጠብቁ።»

«እጠብቃለሁ» አለ ሊቀመንበሩ፤ የቶርኖው ጠርዝ ላይም ተቀመጠ።