አሥራ ሁለቱም ዘፈን እስከ መጨረሻው

ጋሽ መራጭ ስቱዲዮአቸው ውስጥ ከወንበራቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው፣ አጠገባቸው ደም የነካው የማይክ መቆሚያ ተጋድሞ ተገኙ። የዓመቱን ተወዳጅ ዘፈኖች ከየዘፋኙ ለቅመው በአንድ አልበም የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። የዘንድሮው አልበም፣ የአሥራ ሁለት ዘፋኞች አሥራ ሁለት ዘፈን፣ ነገ ሊወጣ ነበር።

መርማሪዋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ክፍሉን አሥሬ ትዞረዋለች። አለቃዋ ደግሞ በስልክ ነዝንዟታል፦ «ገዳዩ ተይዞ ምን ትጠብቂያለሽ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ አምጪው!»

ተያዘ የተባለው የድምፅ ባለሙያው፣ የአራት ልጆች አባት ነው። ካቴና ሲገባለት ሚስቱ ስልክ ላይ ስለነበረች ሁሉንም ሰምታለች። ነገሩም መውጫ ያለው አይመስልም። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ዘጠኝ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ከክፍሉ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ሙዚቃው ካበቃ በኋላ የገባው እሱ ብቻ ነው።

የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ተናገረ። «ስምንት ሰዓት ላይ አነጋግሬው ወጣሁ። ‹አልበሙን ልሰማ ነው፣ ማንም አይረብሸኝ› አለኝ። ከዚያ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ከሷ ጋር ነበርኩ።» ከአሥራ ሁለቱ ዘፋኞች አንዷ ወደሆነችው ሴት ጠቆመ።

«ሁሌም ሙሉውን ነው የሚሰሙት?» አለች መርማሪዋ።

«ታዲያስ! ሊወጣ ሲል ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል።»

ዘፋኟ ተናዳለች። «ልግባ ስል ቆዪ እያለ አስጠበቀኝ እንጂ! የራሴን ዘፈን ሳይቀር አንድም ሳይቆረጥ ሰማሁት።»

«ለምን መጣሽ?»

«ጋሼ ጠርተውኝ ነዋ። ሳልፈቅድ ዘፈኔን አስገብተውታል ብለው ሰዎች ሲነግሩኝ ትናንት ደወልኩላቸው። ‹የኔ ልጅ፣ ፈርመሻል እኮ!› አሉኝ። ኧረ ምን ቆርጦኝ! ‹በይ ነገ ስምንት ሰዓት ነይና ፊርማውን እዪው› አሉ።»

የድምፅ ባለሙያው በተራው እንባውን ካቴና በገባበት እጁ ጠረገ። «የኔ ክፍል ድምፅ አያስገባም። ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ከጋሽ መራጭ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አነሣች። «‹ከሦስት ወደ አራት፣ ትንሽ ትንፋሽ።› ይሄ ምንድን ነው?»

«መገጣጠሚያው ነዋ፣ እህቴ። ጋሼ ሲመርጡ ወራት ሙሉ ስለሚሰሟቸው ዘፈኖቹ እጅ እጅ ይሏቸዋል። በመጨረሻው ቀን የአንዱን ማለቂያና የሚቀጥለውን መጀመሪያ ብቻ ነው የሚሰሙት። ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። ሌላ ሰው አያስገቡም።»

መርማሪዋ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ዛሬ አሥራ ሁለቱም ዘፈን እስከ መጨረሻው ተሰማ። ጋሽ መራጭ እንዲህ አይሰሙም። እንግዲያው የከፈተው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ያኔ ሞተዋል። የተከፈተው በሕይወት ያሉ እንዲመስል ነው። ይሄ ማንን ይጠቅማል? የድምፅ ባለሙያውን አይጠቅምም፤ ለብቻው ነበር፣ ያየውም የለም። አንቺስ ስትመጪ ተጀምሮ ነበር?»

«አዎ፣ አንደኛው ዘፈን ላይ ነበር።»

«የሚጠቅመው ሙዚቃውን ከፍቶ ወጥቶ እስኪያልቅ ሰው ፊት የተቀመጠውን ነው።» ከሟች ጠረጴዛ ያገኘችውን የአሥራ ሁለቱን ዘፋኞች የፈቃድ ወረቀት ወንድምየው ፊት ዘረጋችው። «አሥራ ሁለት ፊርማ፣ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የአንድ ሰው፤ የሥራ አስኪያጁ፣ ያንተ። ወንድምህ ደረሰብህ። እሷ ገብታ ፊርማውን ካየች ደግሞ አለቀልህ።»

ወንድምየው ወረቀቶቹን ገፋቸው። «ለመንኩት! ‹አልበሙን አግደዋለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ አነሣ…» ወደ ሟች ወንበር ዞረ። «ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ‹ና፣ ተቀመጥ፣ አብረን እንስማ› ብሎኝ አያውቅም። እንዴት እንደሚሰማ በምን ልወቅ?»

ካቴናው እጅ ለወጠ። የድምፅ ባለሙያው ሚስቱ ጋ ደወለና ስልኩን ለመርማሪዋ ዘረጋላት። «አደራ፣ አንቺ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ላጽናናት መስሏት አታምነኝም።»

«ባልሽ ንጹሕ ነው፤ አሁን ይመጣል» አለች መርማሪዋ።

ሴትየዋ «ልጆች! አባታችሁ!» እያለች ወደ ውስጥ ስትሮጥ ተሰማ።