የሦስት ቁጥር ክፍል ደወል

ኤልዊን ታቸር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያፈላልገው የኖረውን ፉርጎ አገኘና አንድ ሌሊት ብቻ አደረበት። ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ቁጥር የመኝታ ክፍል፣ አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ቨርን ቶርስተንሰን ነው። ቨርን የሃልኮም ባቡር ሙዚየም አናጢ፣ ቀለም ቀቢ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሲቸግርም ጽዳተኛ ነበር። በሩን ገፋ አድርጎ የሽማግሌውን ፊት ባየ ጊዜ ግን ዓይኑ ወዲያው የዞረው መተላለፊያው ጥግ ወደ ቆመው የጋዝ ማሞቂያ ነበር።

ማሞቂያውን የተከለው እሱ ራሱ ነው። መርምሮ ፈቃድ የሚሰጠው ሰው የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ቨርን ግን «የሚያዝያ ብርድ ፉርጎው ውስጥ የሚያድሩትን ሽማግሌዎች ይጨርሳቸዋል» ብሎ ሐሙስ ዕለት አስገብቶ ለኮሰው። ጋዙ አፈትልኮ ከሆነ ሰው ገድሏል ማለት ነው። ይህን ሲያስብ መተላለፊያው ወለል ላይ ቁጭ አለ።

ሳጅን ኮሌት ዴሎርም ስልሳ ኪሎ ሜትር ጭቃ አቋርጣ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቸኩላ የማታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ቡትስ ጫማዋን ደፉ ላይ አውልቃ በካልሲዋ ገባች። ከቨርን ታናሽ እህት ጋር አብራ ያደገች ስለሆነች መተዋወቅ አላስፈለጋቸውም።

«ማሞቂያውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ፈቃድ የለውም። ከፈለግሽ አሁኑኑ እሰሪኝ።»

«ቆይ እንጂ ቨርን። ሬሳው ሳይነሣ ለመታሰር የምትሮጠው ምን ቀረብኝ ብለህ ነው?»

ክፍሉን ዙሪያውን ስታይ ብዙ ቆየች። የሟቹ ካፖርት ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የልብ ክኒኑ ብልቃጥ ከኪሱ ውስጥ ነው። ተኝቶ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ነገር ቢኖር ትራሱ አጠገብ ያለው የደወል ቁልፍ ብቻ ነበር። የነሐስ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ቅባት ደርቆበታል፤ በቅባቱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተደራርቦ ይታያል።

«ይህን ማን ወለወለው?»

«እኔ። ትናንት ደወሉን ጠግኜ ስጨርስ መወልወያ ቀባሁት። ራት ደርሶ ስለነበር ሳልፈገፍገው ሄድኩ።»

«ሲደወል ምን ይሆናል?»

ቨርን ወደ ሳሎኑ ወስዶ አሳያት። የፉርጎው ግማሽ መኝታ ክፍሎች፣ ግማሹ ደግሞ ሶፋና መስኮት የሞላበት ሳሎን ነው። ሳሎኑ በር ላይ የአስተናጋጁ መቀመጫ አለ፤ ከበላዩም የደወል ሰሌዳው። ከአንዱ ክፍል ሲደወል ደወሉ እዚህ ይጮኻል፤ በክፍሉ ቁጥር ሥርም ትንሽ ቀይ ቀስት ትወድቃለች።

«ከዚያ በራሷ ትነሣለች?»

«አትነሣም። ሰው ነው የሰሌዳውን ቁልፍ ገፍቶ የሚያነሣት።»

ሳጅኗ ቀና ብላ አየች። የወደቀ ቀስት የለም። ምንም ሳትል ተመልሳ በሦስት ቁጥር በር አጠገብ ያለችውን የጫማ ሣጥን ከፈተች። ሣጥኗ ሁለት በር አላት። አንዱ ወደ ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ወደ መተላለፊያው ይከፈታል። ውስጧ የሟቹ ቡናማ ጫማ ተቀምጧል። ሳጅኗ አውጥታ ገለበጠችውና ሶሉን አይታ መልሳ አስቀመጠችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እሷ ጫማም ቢሆን ሳትገለብጥ አታልፍም። ቨርን ግን ልቡ ሁሉ ማሞቂያው ላይ ስለነበር ልብ አላላትም።

ሁለተኛዋ የተጠየቀችው የሙዚየሙ ኃላፊ ስቴላ ሁሜኒዩክ ናት፤ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። ከሟቹ ጋር መጣላቷን አልደበቀችም። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የባቡር ኩባንያ በአንድ ዘመን አሥራ አንድ የመኝታና የሳሎን ፉርጎዎች አሠርቶ ነበር። ሁሉም አርጅተው ጡረታ ሲወጡ እንደ ወላጅ አልባ ልጆች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ታቸር እነዚህን ተከታትሎ አሥሩን አገኛቸው። አንዱ ሐይቅ ዳር ዓሣ መጥበሻ ቤት ሆኗል፣ አንዱን ገበሬ ዶሮ አርብቶበታል፣ አንዱ ተቃጥሏል፣ አራቱ ለብረት ተቆራርጠዋል። የቀሩትንም እያንዳንዳቸውን የትና እንዴት እንደቀሩ ጽፏል። አሥራ አንደኛው ግን ውሃ በልቶት ቀርቶ ነበር። ባለፈው ወር ታቸር ሃልኮም መጥቶ የዚህን ፉርጎ ሆድ ዕቃ በባትሪ ሲያይ ቁጥሩን አገኘው። ስቴላ ደግሞ ፉርጎውን ሌላ ነው ብላ፣ የሌላ ፉርጎ ስም በወርቅ ቀለም ጎኑ ላይ አጽፋ፣ ለቅዳሜ ሠላሳ እንግዳ ጠርታለች።

«ስሙን ፋቂው አለኝ» አለች ስቴላ። «ብገድለውማ ሐሙስ ዕለት እገድለው ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው ዓርብ ከራት በኋላ ነው። ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ራት ከተበላበት ከጣቢያው ቤት ወደ ፉርጎው ሲሻገር ቡናማ ጫማው እስከ ማሰሪያው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ በመስኮት አይታ «እሰይ» እንዳለችም ተናገረች። ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሦስተኛው ኤቨራርድ ግሪኒጅ ነው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክራቫቱን አስሮ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በወጣትነቱ በዚህ ፉርጎ የመኝታ ክፍል አስተናጋጅ ነበር። ታቸር ደብዳቤ ጽፎ ከዊኒፔግ ያስመጣው የክብር እንግዳ እሱ ነው። በፉርጎው ውስጥ አምስት ቁጥር ክፍል ተነጥፎለት ነበር፤ ሆኖም ያደርኩት ጣቢያው ቤት ካለው ተጣጣፊ አልጋ ላይ ነው፣ የሰማሁትም ነገር የለም አለ።

ሳጅኗ ሟቹን ከየት እንደሚያውቀው ጠየቀችው።

«ተቆጣጣሪያችን ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ሦስት ቁጥር ነበሩ። ደወልኩ አሉ። እኔ አልሰማሁም። ሰው ሲያጡ ብቻቸውን ተነሥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ታቸር ተኝተህ ነው ብሎ ሃያ የጥፋት ነጥብ ጻፈብኝ። አርባ ነበረኝ። ስልሳ ሲሞላ ሰው ይባረራል።»

«አርባውስ የምን ነበር?»

«ኮፍያህ ተጣሟል። ሳቅክ። አልሳቅክም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ከዚያ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ጠረግሁ።»

«ታዲያ ሲጠራዎት ለምን መጡ?»

«የጠራኝ ፉርጎው ነው። እሱማ ብቻውን ቢጠራኝ አልመጣም።»

ቨርን ሻይ ሲቀዳላቸው ይህን ሁሉ ሰማ፤ ሰምቶም ዝም አለ። ግሪኒጅ የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቃል። ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሦስት ቁጥርን ደወል ሊጠግን የግድግዳውን ክዳን ፈትቶ ነበር። የክዳኑ ብሎኖች በአራት ድርብ ቀለም ተሸፍነዋል፤ ፉርጎው ከተሠራ ጀምሮ ሰው አልነካቸውም። ውስጡ ያለው ሽቦ በብረት ጠርዝ ሲፈተግ ኖሮ ተበጥሷል፤ ሁለቱም ጫፎች በእርጅና ጠቁረዋል። ታቸርን ጠርቶ አሳየው። ሽማግሌው ሽቦውን አይቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። አሮጊቷ በወደቁ ጊዜ የሞከረው የአራት ቁጥርን ደወል እንደነበር ለቨርን ነገረው። እሱ ስለጮኸ የሦስትም ይጮኻል ብሎ ጻፈ። በኋላ በኋላ ጥርጣሬ ገብቶት እንቅልፍ አጣ፤ ፉርጎ ፍለጋውም ከዚያ የመጣ ነው። ታቸር አለቀሰ፤ ከዚያም ለኤቨራርድ ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ራሱ እንደሚነግረው ገልጾ፣ እስከዚያ ቨርን አፉን እንዲይዝ ቃል አስገባው። ቨርንም ቃል ገባ፤ ሽቦውን ቀጠለ፤ ቁልፉን ወልውሎ ራት ሄደ።

ቃል የተገባለት ሰው ግን ሞቷል። ቨርን ደግሞ ገዳዩ እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ስለፈራ ሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ የሚገባበት አንጀት አልነበረውም።

እኩለ ቀን ላይ ሳጅን ዴሎርም ሦስቱንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ የአስተናጋጁ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ ካልሲዋ ተረከዙ ላይ ቀዳዳ ነበረው።

«ከደወሉ ልጀምር» አለች። «ቨርን ቁልፉን ቅባት ቀብቶ ሄደ። ጠዋት ቅባቱ ላይ የሟቹ አውራ ጣት ተደራርቦ አለ። ስለዚህ ታመመ፤ ክኒኑ ራቀው፤ ደጋግሞ ደወለ። ሲደወል ቀስት ይወድቃል። ጠዋት ግን የወደቀ ቀስት የለም። አንድ ሰው አንሥቶታል።»

«ማን?» አለች ስቴላ።

«ጫማው ይነግረናል። አንቺ ስታዪው እስከ ማሰሪያው ጭቃ ነበር። እኔ ሳየው ፊት ያሳያል። ታሞ ደወል የሚደውል ሰው ጫማ አይቀባም። ደግሞ ሶሉ ላይ በጠመኔ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ ሰው አልረገጠውም፤ ዱቄቱ እንኳ አልረገፈም። ቨርን፣ ጫማ ላይ ቁጥር ትጽፋለህ?»

«ለምን ብዬ?»

«የአሥር ሰው ጫማ በአንድ ሌሊት የሚቀባ ሰው፣ እንዳይሳከርበት ይጽፋል። አሁን ያለው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። እጁ ግን የለመደውን ጻፈ።»

ማንም ወደ ግሪኒጅ አልዞረም። እሱም አልተንቀሳቀሰም።

«ማሞቂያውስ?» አለ ቨርን።

«ደወሉ የሚሰማው ከዚህ መቀመጫ ነው። የሰማው ሰው ያንኑ አየር ሲተነፍስ አድሮ አሁን ሻይ እየጠጣ ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም በስልክ ነግሮኛል። ልቡ ነው፤ ደሙ ውስጥ ጋዝ የለም። አንተን ነጻ የሚያወጣህ ማሞቂያህ ሳይሆን ሚስተር ግሪኒጅ እዚህ ማደራቸው ነው። እሳቸው ግን ይህን አልተናገሩም።»

ግሪኒጅ የሻይ ስኒውን አስቀመጠ።

«ሦስት ጊዜ ደወለ» አለ። «አምስት ቁጥር እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የኛ ሰው በተሳፋሪ አልጋ ተኝቶ አያውቅም። እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሲደወል እግሬ በራሱ ቆመ። ከዚያ ራት ላይ ያለኝ ትዝ አለኝ። ‹ዛሬ ደወሉ ይሠራል ኤቨራርድ› ነበር ያለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ተቆጣጣሪ ሳለ ተኝተናል አልተኛንም ብሎ ለመፈተን ይደውልብን ነበር። አሁንም ሊያላግጥብኝ መሰለኝ። ይደውል ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ሲጮኽ ደስ ብሎኛል። ይህንንም ጻፊው።»

ሳጅኗ አልጻፈችም።

«ጠዋት ሻይ ይዤለት ስገባ ሞቷል። የማደርገው ሲጠፋኝ ጫማውን አንሥቼ ቀባሁ። ጫማው ልማድ ነው። ቀስቱን ግን አውቄ ነው ያነሣሁት። አርባ ዓመት ሙሉ አልሰማሁም ስል ያመነኝ የለም፤ አሁን ሰምቼ ነበር ብል ለማን ይጠቅማል ብዬ ነው። ልጁ በማሞቂያው ጭንቀት ሲቃጠል እያየሁም ዝም አልኩ። እሱን ይቅር በለኝ ቨርን።»

ሳጅኗ ቃሉን ለዐቃቤ ሕግ እንደምታቀርብ፣ ሕጉ ከወንበሩ ያልተነሣን ሰው ምን እንደሚለው ግን እሷም እንደማታውቅ በዝግታ ነገረችው።

ቨርን ነጻ ወጣ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ያዘው። ሽቦውን የሚያውቅ ሕያው ሰው እሱ ብቻ ነው። ቢናገር ለሽማግሌው ስሙን ይመልስለታል፤ ያልተነሣለት ደዋይ ይቅርታ ይዞለት እንደነበርም ያሳውቀዋል። ዝም ቢል ደግሞ ሰውየው እንደተወነጀለ ይሞታል። አንዱንም መምረጥ አልፈለገም፤ ግን ቀድሞ አንድ ጊዜ ዝም ብሎ ያመጣውን አይቷል።

«ጋሽ ኤቨራርድ» አለ። «ያን ጊዜ ደወሉ አልጮኸም። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ተበጥሶ ነበር። በእጄ ይዤዋለሁ። ታቸርም አይቶታል። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ሊጠይቅዎት ነበር።»

ስቴላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«መቼ ነው ያየው?» አለ ግሪኒጅ።

«ትናንት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ራት የበላነው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

«አዎ።»

«ዳቦውን ያቀበለኝ እሱ ነው» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ወደ ቨርን ዞረ። «አንተስ? ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ራት ላይ የት ነበር የተቀመጥከው?»

«ከጎንዎ» አለ ቨርን።